የቶማ ላስቲክ

ቶማ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ዕለት ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያወረደው ጥቅል ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ አላገኘም። ሱቁ ገብቶ ሲፈታው ግን ውስጡ ሁሉ የሚታይ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከረጢት በከረጢት ላይ ተደርቦ ወጣ። «ላስቲክ ይባላል» አለ ቶማ፣ እሱ የፈለሰፈው ይመስል ደረቱን ነፍቶ። «ከእንግዲህ ከቶማ ሱቅ ቲማቲም በቅጠል ተጠቅልሎ አይወጣም።»

የሶዶ ከተማ አበደች ቢባል ይቀላል። ዘንቢል ይዘው ያደጉ፣ ዘንቢል ይዘው የተዳሩ ሴቶች በአንድ ክረምት ውስጥ ዘንቢል ማንጠልጠል አሳፈራቸው። ብርቱካን በዘንቢል ተሸፍኖ ቤት ቢደርስ ማን ያየዋል? በላስቲክ ሲሆን ግን ከገበያው እስከ ቤታቸው ያለው ጎረቤት ሁሉ የገዙትን ያይላቸዋል። ላስቲኩንም አጥበው ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ያሰጡታል፤ እሱም ያው ለመታየት ነው። የመምህሩ ሚስት ወይዘሮ ፀዳለ ደግሞ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት እሑድ የመዝሙር መጽሐፏን በላስቲክ ከትታ ቤተ ክርስቲያን ገባች ተብሎ ተወራ።

ይህን ሁሉ ሥልጣኔ የሚያድለው የቶማ ሚስት የአስናቀች እጅ ነበር። አስናቀች ጠዋት ባንኮኒው ውስጥ ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ቶማ ከቆላ የሚመጣለትን የቲማቲምና የሙዝ ሳጥን የሚደረድረው በባንኮኒው መግቢያ ላይ ነው። ሳጥኑ ካልተነሳላት መውጫ የላትም፤ ሳጥኑን የሚያነሳው ደግሞ ቶማ ነው። በሙሽርነቷ ሰሞን «አጥረህብኝ ልትሄድ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር። ኋላ ሳቁም ጥያቄውም ከአፏ ጠፋ። ቶማ እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ በደግነቱ የሚታማም አልነበረም። ብቻ ሚስቱ መውጣት ያምራት እንደሆነ መጠየቅ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ከተቀመጠችበት ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ይታያታል። ከገበያው ዳር ደግሞ እናቷ ብርቄ፣ ከፊቷ የኮባ ቅጠል ቆልላ፣ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ፣ ጀርባዋን ለሱቁ ሰጥታ ትቀመጣለች። ገዢ የሌለው ቅጠል ከቁልሉ ላይ ሳይቀንስ ሲቀር አስናቀች ታያለች። ቅጠሉን የሚገዙት ቲማቲምና ሥጋ የሚጠቀልሉ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም አሁን እሷው ፊት ተሰልፈው ላስቲክ ይጠብቃሉ። የእናቷን ገበያ በገዛ እጇ እየዘጋች መሆኑ ገብቷታል፤ ግን ምን ታድርግ፣ የቶማ ሚስት ናት።

ብርቄ ባልቴት ናት። የምትኖረው ከጉኑኖ መንገድ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ባሏ ትቶላት በሞተው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። ያለቻት ሀብት ቀዮ የምትባል አንዲት ላም ናት። ላሚቱ ወተትና ቅቤ ብቻ አይደለችም። እንሰት ፍግ ካላገኘ ይከሳል፤ ፍግ ደግሞ ከላም እንጂ ከሰማይ አይወርድም። እንሰቷ የከሳ ባልቴት «ጓሮው ጠፋ፣ እኛ እንያዘው» ይባልላታል። የባሏ ወንድም ዳልጮ ይህን ለማለት አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚመለሰው ቀዮን እያየ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ልጆች በዝተውበት፣ መሬት ጠቦት ነው። ቀዮ ቆማ እስካመሰኳች ድረስ ግን ብርቄ የራሷ ቤት እመቤት ናት።

ይህች ላም ደግሞ እንደ ማንኛውም የአገሩ ላም ያደገችው በመጠቅለያ ነው። በዚያ አገር መጠቅለያ አይጣልም። ጨው የተቋጠረበት፣ ሥጋ የመጣበት ኮባ ሁሉ ተፈትቶ፣ ተራግፎ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ለታሰረችው ላም ይሰጣል። ጨው የነካውንማ ስትጠብቀው ነው የምትውለው። ከብርቄ እናትም ከአያቷም ጊዜ ጀምሮ የተደረገው እንዲህ ነው፤ የገበያው መጠቅለያ የላሟ ድርሻ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ አስናቀች ከጀርባ የጎረቤት ፍየል ስታኝክ አገኘች። ከአፏ ጥግ ላስቲክ ተንጠልጥሏል። ስትስበው መጣ፣ ስትስበው መጣ፣ ከጉሮሮዋ ውስጥ በምራቅ ተለውሶ፣ የበሰበሰ ሙዝ በውስጡ እንደያዘ ወጣ። ፍየሏ ለሙዙ ስትል ነው ላስቲኩን የዋጠችው።

«ቶማ፣ ይሄን ነገር ከብት ይበላዋል» አለችው።

«ፍየል ምን የማትበላው አለ? የእኔን ሸሚዝስ በልታ የለ?» አለና ሳጥኑን መለሰባት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ብርቄ ገበያው ሲፈታ ልጇን ለመሰናበት ወደ ሱቁ መጣች። አስናቀች ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝና ጥቂት ጨው አዘጋጅታ፣ ከእናቷ ከተራረፈው ኮባ በአንዱ ልትጠቀልል ስትል ቶማ ከእጇ ነጠቃት።

«ለአማቴ? በቅጠል? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ሙዙንና ጨውን አዲስ ላስቲክ ውስጥ ከተተ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ ለብርቄ በሁለት እጁ አቀረበላት። «እንኩ እማማ። እስከ ጉኑኖ ድረስ ይታይልን።» እውነትም ያከበራት መስሎት ነበር። ብርቄም እንደተከበረች ተቀብላ መረቀችው።

አስናቀች ፍየሏ ትዝ አለቻት። «አዬ» አለች፤ እናቷን በወላይትኛ እንዲህ ነው የምትጠራት። «አዬ፣ ላስቲኩን...»

«አስናቀች! ቲማቲሜስ? ዝናብ እኮ መጣብኝ!» አለች ወይዘሮ ፀዳለ።

ቲማቲሙን ከትታ ቀና ስትል ብርቄ መንገዱን ተሻግራለች። ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል። አስናቀች ተነስታ ልትሮጥ ፈለገች፤ ሳጥኑ አለ። ቆይ ለማለት እጇን ከፍ አድርጋ ዘረጋች። ብርቄ ዞር ብላ አየቻት፣ እሷም እጇን አነሳች፣ ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። አስናቀች መጮህ ትችል ነበር። «ለቀዮ እንዳትሰጪያት» ማለት ምን ያህል ነው? ነገር ግን ሱቁ ሙሉ ደንበኛ ነው፤ በደንበኛ ፊት የቶማን ላስቲክ ክፉ ስም ልትሰጠው ነው። ፈራች። ለሚመጣው ቅዳሜ እነግራታለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

የሚመጣው ቅዳሜ ብርቄ እየሳቀች ገባች። «ቀዮ ባልሽን መረቀችው» አለች። «ሙዙን በላሁና ልጣጩን እዚያው መልሼ ከነመጠቅለያው ሰጠኋት። ጨው ነክቶት የለ? አንድም ሳታስቀር ዋጥ!»

አስናቀች ቀና አለች። ቶማ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሱ ቀድሞ ዞር አለ።

ከዚያ በኋላ ላስቲክ በነካች ቁጥር እጇ ይከብዳት ጀመር። ቶማ ወጣ ሲል ጠብቃ ለሚመጡት ሴቶች ቀስ ብላ «ዘንቢል አልያዛችሁም? ዘንቢል ውስጥ ልጨምርላችሁ፤ ቲማቲሙም አይታፈንም» ትላቸዋለች። ሐሳቧ ላስቲኩ ቢቀንስ ነበር፤ ወደ ገጠር የሚወርደው ቢያንስ፣ የአንዷ እናት ላም እንኳ ብትተርፍ። ሴቶቹ ግን የገባቸው ሌላ ነው። ላስቲክ ከልክላን፣ ለዘንቢል አጨችን አሉ። አንዷ ያኮረፈችውን ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ለባሏ ነገረች፣ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ፀዳለ ራሷ ቶማን መንገድ ላይ አቁማ፣ «ምን በድዬህ ነው ሚስትህ ላስቲክ የምትነፍገኝ? እኔ ከማን አንሼ ነው?» ብላ አለቀሰችበት።

ቶማ ቀጥ ብሎ መጥቶ የላስቲኩን ክምር አየ። እንደሚገባው አልጎደለም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቀዮ ውጣዋለች» አለች አስናቀች። «አንተም ሰምተሃል። እናቴ ልማዷ ነው፣ የገጠር ሰው ሁሉ ልማዱ ነው። ቢያንስ ለሰዉ እንንገረው።»

ቶማ ክምሩን በእጁ አስተካከለ። ፊቱ ላይ ሐዘን ቢጤ አልጠፋም። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚኝ» አለ። «ይህ ሱቅ ስም ያወጣው በላስቲኩ ነው። ላም ገዳይ ከተባለ ነገ የሚገባልን የለም። ላሟ ታመመች?»

«አልታመመችም።»

«እንግዲያው ምን ያንጨረጭርሻል? ደግሞ እናትሽን በከንቱ አታስደንግጪያት።»

ላሟም ታመመች። መጀመሪያ ወተቷ ቀነሰ፤ ብርቄ የሣር ነገር ነው አለች። ቀጥሎ ማመስኳት ተወች፤ ብርቄ የሰው ዓይን ነው አለችና መልሳ ደግሞ ጌታን ይቅርታ ጠየቀች፣ በዓይን ማመን ትታ የለ። ሆዷ ነፍቶ ጠነከረ። ተልባ አጠጧት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብርቄ ባንኮኒውን ተደግፋ የቀዮን ነገር ታወራለች። «ቆማ ታየኛለች፤ የሆነ ነገር ንገሪኝ የምትል ትመስላለች» ትላለች። አስናቀች አፏን ትከፍታለች። ቶማ ከማዶ ቀና ይላል። አስናቀች አፏን ትዘጋለች። ብትናገርስ አሁን ላስቲኩን ከላሟ ሆድ ማን ያወጣዋል እያለች ራሷን ትጠይቃለች፤ ይህም ዝም ለማለት ምክንያት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከባሏ በፊት ራሷን ጠላች።

ከዚያ አንዲት ቅዳሜ ብርቄ ከገበያው ቀረች። ኮባ የምትቆልልበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ዝንጅብል ዘርግታ ተቀመጠችበት። አስናቀች ቀኑን ሙሉ ያንን ቦታ ስታይ ዋለች።

ብርቄ የመጣችው ገበያ ባልሆነ ቀን ነው፤ ጀርባዋ ላይ ቅጠል የለም። ሱቁ ውስጥ ወይዘሮ ፀዳለና ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ብርቄ ገብታ ሰላምታ ሰጠች፤ ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረች። ላስቲክ ነው። ታጥቧል። ትንሽ ወይቧል እንጂ አንድ ቦታ አልተቀደደም። ውስጡ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አለ።

ብርቄ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ግን በዚያው ተናገረች። «ዕቃችሁ ነው። አጠብኩት። ላሜ ሆድ ውስጥ ነበረ። ሊሞት ሲል ዳልጮ አረደው፣ ጨጓራ ሲከፍት ይሄ ወጣ። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው፤ ቅቤ አደረግሁበት። የመጨረሻው ነው።»

ቶማ ደነገጠ፤ ግን ነጋዴ ነው፣ ሴቶቹ ወደ ላስቲኩ ሲያዩ ድንጋጤው ቶሎ ለቀቀው። ቅቤውን አውጥቶ ወደ ጎን አኖረ። ላስቲኩን አንስቶ አፉን ሰብስቦ ነፋበት። ተነፋ። ቢጫነው አልፈነዳም፣ አየሩንም አላስወጣም።

«እዩት!» አለ። «እስቲ እዩት እናንተ! ላም ወራት አኝካ፣ በሆዷ ይዛ አልቻለችውም! እንዲህ ያለውን ነው እኔ የምሰጣችሁ!»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ብርቄ ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባት አንዱን ፊት ከሌላው እያየች ቆመች። ቶማ ላስቲኩን አስተንፍሶ፣ በመዳፉ አለስልሶ፣ ከአዲሶቹ ክምር ላይ ከላይ አኖረው።

አስናቀች እናቷን በወላይትኛ፣ «ዳልጮስ?» አለቻት። ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፈለልኝ፤ ቆዳውንም እሱው ወጠረልኝ» አለች ብርቄ። «በነጋታው በጓሮዬና በጓሮው መካከል ያለውን አጥር አፈረሰ። ፍግ የለሽም አለኝ። ምን ልበለው? የለኝም።»

ቶማ ወላይትኛ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ሰምቷል። አሁን የምር አዘነ። «እማማ፣ ምን ቸገረዎት?» አለ። «እኔ ልጅዎ አይደለሁም? እዚሁ ይቀመጡ። ከጓዳው አልጋ እናነጥፍልዎታለን። ቀን ቀን አስናቀችን ያግዟታል፤ ላስቲክ አፉን እየከፈቱ ቢያቀብሏት ሥራው ይፈጥናል።» ይህንን ሲል ከልቡ ነበር። ሴቶቹም «እንዲህ ያለ አማች ይስጥ» አሉ።

ወዲያው ሳጥኑን አነሳ። ብርቄ ነጠላዋን ሰብስባ በጠባቡ ክፍተት ወደ ባንኮኒው ውስጥ ገባች፤ ከልጇ ጎን ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቶማ ሳጥኑን መልሶ ገጠመው።

አስናቀች ከዚህ በላይ አልቻለችም። ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «አዬ፣ አውቄ ነበር» አለቻት። «ያን ዝናብ የመጣ ቀን፣ ፍየል ሲያንቃት ካየሁ በኋላ ነበር። ልነግርሽ ነበር እጄን ያነሳሁት።»

ብርቄ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ዳበሰች። የተቆጣች አትመስልም፤ አንድ ነገር ከሩቅ ለማስታወስ የምትሞክር ትመስላለች።

«አይቼሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «መሰናበትሽ መስሎኝ ነው እኔም እጄን ያነሳሁት።»

አስናቀች እንባዋ መጣ። ማልቀሻ ግን የለም፤ ወይዘሮ ፀዳለ ተራዋ ደርሷል።

«ቲማቲም አድርጊልኝ» አለች ፀዳለ፣ ሳቋ ገና ሳይለቃት። በጣቷ ወደ ክምሩ ጫፍ አመለከተች። «በዚያኛው አድርጊልኝ፤ በላሟ። ጠንካራው እሱ ነው አሉ።»

አስናቀች የቀዮን ላስቲክ አነሳች። ቶማ እያያት ነው። አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ይሄ አይሰጥም» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለወጣ ራሷም ደነገጠች። «ዘንቢል የለዎትም?»

«ዛሬም ዘንቢል?» አለች ፀዳለ፤ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ቶማ ዞረች።

«አስናቀች» አለ ቶማ፣ ቀስ ብሎ።

ሳጥኑ እዚያው ነው። ከሳጥኑ ወዲህ እሷና እናቷ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። ከዚህ ቢወጡ የሚሄዱበት ጓሮ ትናንት አጥሩ ፈርሷል። አስናቀች ከክምሩ ሌላ ላስቲክ ሳበች፣ ቲማቲሙን ከተተች፣ አፉን አሰረች። ስትሰጣት ግን አልለቀቀችውም፤ ሁለቱም ይዘውት ቆዩ።

«ወይዘሮ ፀዳለ፣ ለላም እንዳይሰጡት» አለች፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ እየሰማ። «ላም ይገድላል።»

ቶማ ፊቱ ጠቆረ። ፀዳለ ግን እንደገና ሳቀች፤ ላስቲኩን ሳብ አድርጋ ወሰደችና ቲማቲሟ ይታይላት ዘንድ ከፍ አድርጋ አንጠለጠለችው።

«ኧረ እኔ ላም የለኝም እኮ!» አለች። «እኔ የከተማ ሰው ነኝ።»

«እኔም የለኝም» አለች ብርቄ በአማርኛ፣ ጨዋታውን የተረዳች መስሏት። ከዚያ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ የሚቀጥለውን ላስቲክ አፍ ለመክፈት መታገል ጀመረች።